አውራ ጣቴ እና የጋሽ ወርቁ ግራ እጅ

ሞተሩ የእኔ አልነበረም፤ የጋሽ ወርቁ ነበር። እኔ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነኝ። ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ፒያሳ ውስጥ ካልፈረሱት ጥቂት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ፣ አንድ አልጋና አንድ መስኮት ብቻ ባላት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአሮጌ መጻሕፍት፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከታክሲ ረዳቶች አፍ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ሰው መጠየቅ አይወድም። ይህ የማወራችሁ ሁሉ የመጣው ከዚያ አመል ነው።

ጋሽ ወርቁ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ቀይ ሞተር የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታው። ንግግራቸው ቆይቶ ተመልሷል፤ ቃላቱ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሰው እያረፉ ነው የሚመጡት። እንደ ድሮው የቀረችላቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነበረች። በእሷ ይበላሉ፣ በእሷ ይላጫሉ፣ በእሷ ራዲዮ ይከፍታሉ። በእሷ ያማትባሉም። አንድ ጊዜ ሊጠይቃቸው የመጣ ዘመድ «ጋሽ ወርቁ፣ በግራ ማማተብ ደስ አይልም» ቢላቸው፣ «ቅሬታ ካለህ ለባለቤቱ ንገር፤ እኔ የተረፈችኝን ነው የማነሳው» ብለውታል።

በዚያ ክረምት ሥራ አጥቼ ነበር። ሞተር ያላቸው የሰፈር ልጆች ዕቃ እያደረሱ ደህና ይኖራሉ። የጋሽ ወርቁ ሞተር ግን ከመተላለፊያችን ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከተነሳልህ ንዳው» አሉኝ። «ካንዴላውን አውጥተህ ጥረግ። ከካንዴላው አትለፍ። ከዚያ በላይ ከሆነ መጥተህ ንገረኝ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ አወጣሁ፤ ጠረግኩ፤ መለስኩ። አልተነሳም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስፈልግ አንድ ሰው እንደዚህ ያለ አሮጌ ሞተር ሲፈታ አገኘሁ። ወደ ካንዴላው የሚሄደው ሽቦ በታንከሩ ሥር ያልፋልና ሊበጠስ ወይም ሊበሰብስ ይችላል፤ ታንከሩን አንስታችሁ እዩት ይላል። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ሜዳ አወጣ፤ ያንን አሳለፍኩት። ቀጥሎ ባትሪውን ነቀለ፤ ያንንም አሳለፍኩት። ቀጥሎ ቤንዚኑን እስከ ጠብታው ቀዳ። ያንን አላሳለፍኩትም፤ አይቼ እምቢ አልኩ።

ለምን እምቢ እንዳልኩ የአዲስ አበባ ሰው ይገባዋል። በዚያ ሳምንት ቤንዚን ጠፍቶ ነበር። በጀሪካን አይቀዳም፤ ታንከር ይዞ ያልመጣ አይስተናገድም። ስለዚህ የማይነሳውን ሞተር በእጄ እየገፋሁ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወርጄ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ተሰልፌ ነበር። ከኋላዬ የቆመ ባለ ባጃጅ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ወንድሜ፣ ለሞተ ፈረስ ነው እንዴ ገለባ የምትሸምተው?» አለኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እስከ አፍ ገደፉ አስሞልቼ ዳገቱን መልሼ ገፋሁት። ግቢ ስገባ ጎረቤታችን ከድር፣ አትክልት ተራ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያከፋፍለው፣ ላቤን አይቶ «ገጣሚው፣ እስኪ አንድ ስንኝ አንብብለት። አንጀቱ ከተላወሰ ይነሳል» አለ።

እንደዚያ የተለፋበትን ቤንዚን መልሶ ማውጣት አልታሰበኝም። ወደ ምን ላውጣው? ባወጣውስ የት አስቀምጠዋለሁ? ታንከሩን ከነሙሉነቱ ከፍ አድርጌ፣ ሥሩን አይቼ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ቀኑ ወር በገባ በሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የግቢው ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ የከድርም ሚስት ገበያ ወጥታለች። የጋሽ ወርቁ ባለቤት እትዬ ዘነበች ሲወጡ ነጠላቸውን እያጣፉ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ብሩክዬ፣ ጆሮህን ወደሱ አድርግልኝ። ብርዱ አጥንቱ ገብቶ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከሰል አያይዤ አስገብቼለታለሁ። ጭሱ እንዳያፍነው በሩ አጠገብ ነው ያደረግኩት፤ መስኮቱንም ትንሽ ከፍቼዋለሁ።»

«ይሂዱ እትዬ፣ እዚሁ ነኝ» አልኳቸው።

ግቢያችን ከውጭው በር እስከ ጓሮ የሚዘልቅ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ጠባብ መተላለፊያ አለው። ሞተሩ የሚቆመው እዚያ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የሠራው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ወደ ጋሽ ወርቁ በር ያዘነብላል። እኔ በሞተሩና በግድግዳው መካከል ተሽጉጬ ነበር የምሠራው። የእርሳቸው በር ከሞተሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ የአልጋቸው እግርጌና ምድጃው ይታየኛል። ፍሙ ደም መስሏል።

ስልኬን ግድግዳው ላይ ካለችው መደርደሪያ አስደግፌ ቪዲዮውን ከፈትኩ። መቀመጫውን አነሳሁ። ከታንከሩ ጀርባ ያለውን ቡሎን ፈታሁ። ቤንዚን የሚያወርደውን ቀጭን ጎማ፣ መዝጊያውን ዘግቼ ነቀልኩት። ከዚያ ታንከሩን ከኋላው ከፍ አድርጌ ሥሩን ስመለከት፣ ሁለቱ ብረቶች በተጋጠሙበት መስመር ላይ እንደ ደረቀ ሊጥ የጠነከረ ግራጫ ነገር ተጋግሮበታል። በዓይኔ እመካ ነበር። ሌላው ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ አምን ነበር። ያንንም ከሁሉ አስቀድሜ አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። የዓመታት ጭቃ መሰለኝ። በካቻቢቴ ጫፍ ፈቅፍቄ፣ ጨርቅ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ነክሬ አሸሁት። ንጹሕ ሆነ። ቀዩ ቀለም ከሥሩ ብቅ ሲል ደስ አለኝ።

ዝናቡ የጀመረው ያኔ ነው። የፒያሳን የክረምት ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አያስጠነቅቅም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድንጋይ የሚገለብጡ ይመስላል። ጣሪያው በሁለት በሦስት ቦታ ስለሚያፈስ ውሃ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

ሽቦውን ለማየት ታንከሩን ትንሽ ጨምሬ ሳነሳው ክንዴን የሆነ ብርድ ነካኝ። መጀመሪያ ዝናብ መሰለኝ። ከዚያ ሸተተኝ። ካጸዳሁት መስመር ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከፍቶ፣ የክብሪት እንጨት የሚያህል ጅረት እየወረደ ነው።

ቀኝ አውራ ጣቴን ጫንኩበት። ቆመ ማለት ይቻላል፤ በጣቴ ጠርዝ እየዘለቀ ብቻ ይንጠባጠባል። ታንከሩን በግራ ክንዴ አቅፌ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። እንግዲህ ተሸክሜው ወደ ጓሮ ልውጣ ብዬ ሳብ ሳደርገው ያዘኝ። አጎንብሼ ሳይ፣ ከነቀልኩት ጎማ ሌላ፣ የታንከሩን ሁለት ጎኖች ከሥር የሚያገናኝ ሁለተኛ ጎማ ነበረው። እንዲህ ያሉ አሮጌ ሞተሮች ታንከራቸው እንደ ሱሪ ሁለት እግር አለው፤ ጎማው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በፍሬሙ ሥር ይሻገራል። አላወቅኩም ነበር። ብስበው ይነቀልና ቤንዚኑ በሁለት በኩል ይወርዳል። ባስቀምጠው ስንጥቁ ይከፈታል። ጣቴን ባነሳ ያው ነው። ወደፊት ሞተሩ፣ ወደኋላ ግድግዳው።

ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ወለሉን ተመለከትኩ። ቀድሞ የፈሰሰው ከጣሪያው ጠብታ ጋር ተደባልቆ፣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና እየሠራ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በሌላ ቀን ቢሆን ደብተሬን አወጣ ነበር። አሁን ግን ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። በሞተሩ ሥር አልፏል። ወደ ጋሽ ወርቁ ደፍ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቀርቶታል። ከደፉ ወዲያ፣ አንድ እርምጃ ላይ፣ ምድጃው አለ።

«ሰው አለ?» ብዬ ጮህኩ። ቆርቆሮው ዋጠው። ደግሜ ጮህኩ። የራሴን ድምፅ ራሴ በደንብ አልሰማሁትም። መደርደሪያው ላይ ቪዲዮው ቀጥሏል። ሰውዬው ባዶውን ታንከር በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እየሳቀ ነው። ወዲያው ስልኩ መጥራት ጀመረ፤ የእትዬ ዘነበች ስም ወጣበት። ጠርቶ ጠርቶ ተወ። እጄ አይደርስም፤ ቢደርስም እዚያ ሽታ መሀል ለመንካት እፈራ ነበር።

ለጋሽ ወርቁ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። አፍሬ ነበር። ሰው ሊቃጠል እያየሁ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም በቀጥታ አልተናገርኩም፣ ለእናንተ መናገሬ ነው። የተናገሩት እርሳቸው ናቸው።

«ብሩክ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ቤንዚን ሸተተኝ።»

«ትንሽ ፈሶ ነው፣ አያስቡ።»

«ትንሽ የሚባል… ቤንዚን የለም» አሉ። «ምን ፈታህ?»

«ታንከሩን።»

«ከካንዴላው አትለፍ ብዬህ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«ባዶ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

ከዚያ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ፣ ደብዳቤ ለማን እንደሚደርስ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ወዴት ነው የሚፈሰው?» አሉኝ።

«ወደ እርስዎ።»

«ምን ያህል ቀረው?»

«ክንድ አይሞላም። ጋሼ፣ ጣቴን ስንጥቁ ላይ አድርጌ ነው የቆምኩት። ልልቀቀውና በሞተሩ ላይ ዘልዬ ልምጣ? ምድጃውን ላውጣው?»

«ብትለቀው ምን ያህል ይወርዳል?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው አትልቀቅ።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። «ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ፣ እባክዎ» አልኩ። ከዚያ የሆነ ከባድ ነገር ወለሉን መታ። ጆንያ የወደቀ ያህል ነበር። እርሳቸው እንደሆኑ ገባኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በበሩ ክፍተት ነው ያየሁት፤ የአንድ መዝገብ ስፋት በምታህል ክፍተት። መጀመሪያ ክርናቸው መጣ። ከዚያ ነጭ ፀጉራቸው። በግራ ክርናቸው እየቧጠጡ ነው የሚሳቡት፤ ቀኝ ጎናቸው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከኋላ ይከተላል። ክርናቸውን ይዘረጋሉ፣ ያርፋሉ፣ ይስባሉ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ክንዴ ደንዝዟል፤ በጣቴ ዙሪያ የሚወርደው ቤንዚን እስከ ብብቴ ገብቶ ቆዳዬን ይለበልበኛል፤ ሽታው ራሴን ያዞረኛል። አንድ እርምጃ መራመድ የማይችለው ሰውዬ እየሄደ፣ ሁለት እግር ያለኝ እኔ ቆሜያለሁ።

ፈሳሹ ደፉን ነካ። እንጨቱ ጠቆረ።

«ደረሰ ጋሼ» አልኩ።

ምድጃው ጋ ደረሱ። የቆርቆሮ ምድጃ ነው፤ ሁለት ጆሮ አለው። ቢገለብጡት ፍሙ ይበተናል። በጨርቅ ጠቅልለው እንዳይዙት ለመጠቅለል ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ያለቻቸው አንድ ናት። ዘርግተው ጆሮውን ጨበጡት።

አልጮሁም። በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ሲያስወጡ ብቻ ሰማሁ። ጎተቱት፤ አንድ ስንዝር መጣ። ክርናቸውን ወደኋላ አስተካከሉ፤ ጎተቱት። ሁለት ስንዝር። እጃቸውን አንስተው አየር ላይ አራገቧትና መልሰው ጨበጡት። ያን ሁለተኛውን መጨበጥ ነው እስከ ዛሬ የማየው። የመጀመሪያው ሳያስቡት ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ምን እንደሆነ አውቀው ነው።

«ልልቀቀው ጋሼ፣ ልምጣ» አልኩ። እያለቀስኩ ነበር።

«እንዳትለቅ» አሉ። ቃሉ ሳይሰባበር፣ ሳያርፍ ወጣ።

ምድጃው ከክፍተቴ ጠፋ። ሲፋቅ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ የብረት ሳፋ ተንቋቋ፤ በኋላ እንዳየሁት፣ ከአልጋው ሥር ያለውን የመታጠቢያ ሳፋ በምድጃው ላይ ደፍተው አፍነውታል። ፈሳሹ ደፉን ተሻግሮ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያዳነን መስኮቱ ነው ይላሉ፤ ነፋሱ በእርሳቸው በኩል ገብቶ ወደ እኔ ነበር የሚወጣው። እኔ ምን እንዳዳነን አላውቅም።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ። ከወለሉ ላይ ድምፃቸው መጣ፤ በጣም ደክሟል።

«ከታንከሩ ሥር… ግራጫ ነገር ነበር። የት አደረስከው?»

«ፈቅፍቄ አጠብኩት። ጭቃ መስሎኝ።»

«ሳሙና ነው።»

እግሬ ሥር የተበተነውን ፍቅፋቂ ተመለከትኩ።

«ደረቅ ሳሙና። ታንከሩ የተሰነጠቀ ጊዜ… በደረቁ ጠቅጥቄ ደፈንኩት። ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም። ውሃ ነው የሚያሟሟው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።» እንደ ወቀሳ አላሉትም። ከዚያ በኋላ ወቅሰውኝ አያውቁም፤ ያቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ቆይ፣ ሳፋው ውስጥ የነበረ ቁራጭ ሳሙና አለ። ልልክልህ ነው።»

ቁራጭ ሳሙና በበሩ ክፍተት ተንሸራታ ወጣችና በሞተሩ ሥር መጥታ ቆመች። ለእጄ ሩቅ ናት። ጫማዬን በሌላው እግሬ አወለቅኩ። በእግር ጣቶቼ ጎትቼ፣ ጎትቼ፣ በጣቶቼ መሀል ቆንጥጬ ጉልበቴን አጠፍኩና፣ ታንከሩን በደረቴ እንደደገፍኩ፣ በግራ እጄ ደርሼ ያዝኳት። አውራ ጣቴን አንስቼ ሳሙናዋን ስንጥቁ ላይ አሸሁ፤ ጠቀጠቅኩ፤ ደግሜ አሸሁ። ቤንዚኑ ቀጠነ፣ ላብ ሆነ፣ ቀረ። ከአንድ ሰዓት ይሁን ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ አላውቅም፣ ሁለት እጄ ተመለሰልኝ።

በሞተሩ ላይ ዘልዬ ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፈው ተጋድመዋል። ግራ እጃቸው መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጭናቸው ላይ ተቀምጣለች። አየኋት፤ ምን እንደምትመስል አልነግራችሁም።

«ተደፈነ?» አሉኝ።

«ተደፈነ ጋሼ።»

«ልብስህ በቤንዚን ርሷል። አውልቀህ ከዚህ አርቀው፤ ምድጃው ገና ትኩስ ነው።»

ከድር የመጣው ያኔ ነው፤ ዝናቡ ሥራ አስፈትቶት ወደ ቤት ሲገባ። የመተላለፊያው ሽታ በሩ ላይ አቆመው፤ እኔን በውስጥ ሱሪ፣ ጋሽ ወርቁን ወለሉ ላይ አየ። ቀልዱን የት እንዳደረሰው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ሽንኩርት ኩንታል በጀርባው አዘላቸውና በዝናቡ ውስጥ ይዟቸው ወጣ። እኔ ልብስ ደርቤ በባዶ እግሬ ተከተልኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ እጃቸውን ስታጥብ ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «ሞተሩን ከዚያ ቦታ ማንም እንዳይነካው። አየር እስኪያገኝ በሮቹ ይከፈቱ፤ ወለሉ ላይ አሸዋ ይነስነስ» ይሉኛል።

እትዬ ዘነበች ጠበል በጠርሙስ ይዘው ሲገቡ የሠራሁትን ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቀመጡና «ምድጃውን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። ጋሽ ወርቁ «ስለ ሳሙናው አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ» አሉ። ጥፋቱን ሁለቱ ተሻምተው ለእኔ የሚተርፍ ያጡ ይመስል ነበር። ከመሰደብ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ሐኪሙ ቃጠሎው ጅማት ነክቷል አለ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልላ የሕፃን ራስ አከለች። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ እጅ የነበረው ሰው ምንም እጅ የሌለው ሆነ። እትዬ ዘነበች በዕድሜ ገፍተዋል፤ ማንሳት አይችሉም። እኔ ገባሁ። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ እላጫቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ጉርሻዬን አላምጠው አላምጠው በመከራ ዋጡና «ጉርሻህ እንደ ግጥምህ ነው» አሉኝ። «ትልቅ ነው፣ አይዋጥም።» እትዬ ዘነበች እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። እኔ ከቀን ወደ ቀን ጉርሻውን አሳነስኩት።

አንድ ምሽት መብራቱን ላጠፋ ስነሳ «ብሩክ» አሉኝ። «አማትብልኝ።»

አልገባኝም ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ ቀና አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያንን ሳሙና የፈቀፈቀውን ቀኝ እጄን አንስቼ ግንባራቸውን፣ ደረታቸውን፣ ትከሻቸውን ነካሁ። ለመጨረስ ቸኮልኩ። «ቀስ» አሉ፤ «አትቸኩል፣ አይሮጥብህም።» ፋሻው እስኪፈታ በየማታው እንዲሁ አደረግን። በሕይወቴ ያንን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም፤ አንድም ስንኝ ቢሆን።

ይህን ከምታነቡት መሀል ምናልባት አንዳችሁ በግቢያችሁ አሮጌ ሞተር ቆሞ ይሆናል። ለእሱ የምናገረው አለኝ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ታንከሩን በሥርዓት አወረድነው፤ እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እየነገሩኝ። ሞተሩን ወደ ጓሮ ሜዳ አወጣሁት። «ዙሪያውን እሳት የሚባል እንዳይኖር፤ የከድር ሚስት ምድጃም ቢሆን» አሉ። የባትሪውን ሽቦ ነቀልኩ። ቤንዚኑን በጎማ ወደ ጀሪካን እስከ መጨረሻዋ አወረድኩና ክዳኑን ገጥሜ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሁለቱንም ጎማዎች ነቀልኩ። ቡሎኑን ፈታሁ፣ ወደኋላ ሳብኩ፣ ወደ ላይ አነሳሁ። እንደ ባዶ እንስራ ቀለለኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊት «ቀጥሎስ ጋሼ?» እላለሁ፤ እያወቅኩትም እጠይቃለሁ።

ከዚያ ክረምት በፊት የጻፍኳቸውን ግጥሞች አንድ ቀን አውጥቼ አነበብኳቸው። እሳት የማይነድበት ገጽ አጣሁ። ልቤ ይነዳል፣ ከተማው ይነዳል፣ ዓይኗ ይነዳል፤ እሳቱን እንደ ጨው ነስንሼዋለሁ። የሚነድ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው። ሰረዝኳቸው። የቀረው ጥቂት ነው። አሁን አንድ ነገር ተጋግሮ ባየሁ ጊዜ፣ በቃልም ይሁን በሰው ላይ፣ ከመፈቅፈቄ በፊት ለምን እዚያ እንደተደረገ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ይገኛል፤ የሚጠይቀው የለም።

እጃቸው ዳነች፤ ግን አልተዘረጋችም። ቆዳው ሲሸበሸብ ጣቶቹን ይዟቸው ቀረ። ግማሽ ጨብጠው ቆመዋል። ኩባያ ጆሮው ከገባላቸው ይጠጣሉ፤ ማንኪያ በላስቲክ እናስርላቸዋለን። ታንከሩ ተበይዶ፣ ሽቦው ተቀይሮ ሞተሩ ዛሬ ይሠራል፤ ዕቃ አደርስበታለሁ፤ በግራ እጄ ፍሪሲዮኑን ጨብጬ፣ ማርሽ አስገብቼ ስወጣ ድምፁን ለመስማት መስኮቱን ያስከፍታሉ።

ባለፈው አንድ የድሮ ባልደረባቸው ሊጠይቃቸው መጣ። እጃቸውን አገላብጦ ያያታል፣ ወደ እኔ ያያል፣ መልሶ ያያታል። ጋሽ ወርቁ አስታገሡት። ያቺን የተኮማተረች ግራ እጃቸውን ከፊታቸው ከፍ አድርገው፣ ሞተር ላይ ተቀምጦ የመሪውን ግራ እጀታ እንደጨበጠ ሰው ቀጥ አደረጓትና፣

«አትዘን» አሉት። «ፍሪሲዮን ይዤ ነው። ሞተሩ አልጠፋም፤ መንገዱ እስኪከፈት ነው።»

ሰውዬው ሳቀ፤ እትዬ ዘነበችም ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩና፣ ሻይ ላምጣ ብዬ ወጥቼ፣ ሻዩን ረስቼ መተላለፊያው ውስጥ ቆምኩ።